ደሙስ ተገኘ፤ ስሙ የማን ነው?

ደሙን ለመለገስ ክንዱን የዘረጋ ሰው ሲመሰገን ብዙ ጊዜ እንሰማለን። መመስገኑም ተገቢ ነው። በየሦስት ወሩ እየተመላለሰ ዋጋ ሳይቀበል ደሙን የሚሰጥ ሰው፣ ፊቱን አይቶት ለማያውቀው ወገኑ ከገንዘብ የሚበልጥ ነገር ይሰጣልና። ይሁን እንጂ ደሙ ከለጋሹ ክንድ ወጥቶ በበሽተኛው ክንድ እስኪገባ ድረስ የሚጓዘውን መንገድ ልብ የሚል ሰው ጥቂት ነው። በዚህ መንገድ ላይ ደሙን የሚመረምሩ፣ የሚያስቀምጡ፣ ከበሽተኛው ደም ጋር መስማማቱን የሚያረጋግጡና የሚያስረክቡ ሠራተኞች ቆመዋል። ሥራቸው የቀና እንደሆነ ማንም አያያቸውም። ሥራቸው የተሳሳተ እንደሆነ ግን አንድ ቤት ሊፈርስ ይችላል።

በዛሬው ጽሑፋችን ስለነዚህ ሠራተኞች፣ ይልቁንም ስሕተትን ለመቀነስ ሊያገኙት ስለሚገባቸው ሥልጠና ጥቂት ለማለት አስበናል። አንባቢያችን «ይህ የባለሙያዎች ጉዳይ ነው፤ እኔን ምን አግብቶኝ?» እንደማይሉ ተስፋ እናደርጋለን። በወሊድ ጊዜ ደም የሚፈሳት እናት፣ በመኪና አደጋ የተጎዳ መንገደኛ፣ ለቀዶ ጥገና የተኛ አባት፣ በወባ ምክንያት ደሙ ያለቀ ሕፃን፣ ሁሉም የየቤታችን ሰዎች ናቸውና።

ደም ሁሉ አንድ አይደለም

ቀድሞ የሰው ደም ሁሉ አንድ ይመስል ነበር። በዚህም የተነሣ ከሰው ወደ ሰው ደም ለማዛወር የሞከሩ ሐኪሞች አንዱን በሽተኛ ሲያድኑ ሌላውን ደግሞ ሲገድሉ፣ ምክንያቱ ሳይታወቅ ብዙ ዘመን አለፈ። ምስጢሩን የገለጡት በቪየና ከተማ ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ካርል ላንድሽታይነር ናቸው። እኒህ ሰው የራሳቸውንና የሥራ ባልደረቦቻቸውን ደም ወስደው፣ የደሙን ውሃ ከቀዩ ሕዋስ ከለዩ በኋላ፣ የአንዱን ውሃ ከሌላው ቀይ ሕዋስ ጋር ቢያደባልቁት አንዳንዱ እንደ ነበረ ሲቆይ አንዳንዱ ደግሞ ተጓጉሎ አገኙት። ውጤቱንም በ1901 አሳተሙ። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬ ኤ፣ ቢ እና ኦ የምንላቸው የደም ዓይነቶች የታወቁት በዚህ ነው፤ ኤቢ የተባለው አራተኛው ዓይነት በ1902 ተጨመረ። ዶክተር ላንድሽታይነር በ1930 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። የተወለዱበትም ቀን፣ በእኛ ሰኔ 7፣ ዛሬ የዓለም የደም ለጋሾች ቀን ሆኖ ይከበራል።

ከዚያ በኋላ ዕውቀቱ እየሰፋ ሄደ። በ1914 ሲትሬት የተባለው ጨው ደም እንዳይረጋ አድርጎ ለበሽተኛ ለመስጠት አስቻለ። በ1937 ዶክተር በርናርድ ፋንተስ በአሜሪካ አገር፣ በሺካጎ ከተማ በሚገኘው በኩክ ካውንቲ ሆስፒታል፣ ደም ተጠራቅሞ የሚቀመጥበትን ክፍል አቋቁመው «የደም ባንክ» አሉት። በ1940 አር ኤች የተባለው ሌላው የደም ምልክት ታወቀ። በ1945 ደግሞ እንግሊዛዊው ሮቢን ኩምብስና ባልደረቦቻቸው፣ በሁለት ደም መካከል ያለውን፣ በተራው ምርመራ የማይታየውን አለመስማማት የሚያጋልጥ ምርመራ አወጡ። በአገራችንም የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በ1969 የደም ባንክ አገልግሎት ጀመረ፤ ኃላፊነቱም በ2012 ወደ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ተዛወረ።

ደም ሳይስማማ ቢቀር ምን ይሆናል? የኦ ዓይነት ደም ላለው ሰው የኤ ዓይነት ደም ቢሰጠው፣ በሰውነቱ ውስጥ ያለው ተከላካይ፣ ባለሙያዎች አንቲቦዲ የሚሉት፣ የመጣውን ደም እንደ ጠላት ቆጥሮ ያፈርሰዋል። ለዚህም ሙሉ ከረጢት አያስፈልግም፤ ጥቂት ሚሊ ሊትር ሊበቃ ይችላል። በሽተኛው ይንቀጠቀጣል፣ ያተኩሰዋል፣ ወገቡን ያመዋል፣ ሽንቱ ይጠቁራል፤ የደም ግፊቱ ይወድቃል፤ ኩላሊቱም ሥራውን ሊያቆም ይችላል። በማደንዘዣ የተኛ ሰው እንደሆነ ደግሞ «አመመኝ» ብሎ መናገር እንኳ አይችልም።

በአር ኤች ላይ የሚደረግ ስሕተት ግን ቀኑን ጠብቆ ይመጣል። አር ኤች ኔጌቲቭ የሆነች ልጃገረድ በስሕተት ፖዘቲቭ ደም ብትወስድ ዛሬ ምንም ላይታይባት ይችላል። ከዓመታት በኋላ አግብታ ስታረግዝ ግን አገራችን ሾተላይ የሚለው መከራ ሊደርስባት ይችላል። ስሕተቱን የሠራው ሰው በዚያን ጊዜ ጡረታ ወጥቶ ይሆናል፤ እርሷም መከራዋ ከወዴት እንደ መጣ ሳታውቅ ልትኖር ትችላለች።

ስሕተቱ የት ይሠራል?

ብዙ ሰው የደም ስሕተት ሲባል ባለሙያው ምርመራውን ሳያውቅ ቀርቶ የሚሠራው ይመስለዋል። የተጠራቀመው ማስረጃ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። በአሜሪካ አገር በኒውዮርክ ግዛት የ10 ዓመት ሪፖርት ተሰብስቦ በ2000 በታተመው ጥናት፣ ለበሽተኞች ከተሰጠው ቀይ ደም ከ19,000 ከረጢት አንዱ ለማይገባው ሰው የተሰጠ ወይም ዓይነቱ የተሳሳተ ሆኖ ተገኝቷል። ከነዚህም ስሕተቶች ከግማሽ በላይ የሆኑት የተሠሩት ከደም ባንኩ ውጭ ነበር። በ2003 የታተመው፣ በ10 አገሮች ያሉ ሆስፒታሎችን የተመለከተው ጥናት ደግሞ ወደ ደም ባንክ ከሚላኩት ናሙናዎች ከ165 አንዱ የመለያ ጽሕፈቱ የጎደለ ወይም የተሳሳተ መሆኑን፣ ከ2,000 ያህል አንዱም በብልቃጡ ላይ የተጻፈው ስምና በውስጡ ያለው ደም የአንድ ሰው አለመሆናቸውን ገለጠ።

ይህ የመጨረሻው ነገር በጣም ሊታሰብበት ይገባል። በብልቃጡ ላይ የሌላ ሰው ስም ከተጻፈ፣ በላቦራቶሪ ያለው ባለሙያ ምርመራውን ያለ አንዳች እንከን ቢሠራውም ትክክለኛ መልስ የሚሰጠው ለተሳሳተ ሰው ነው። ውድ መኪና ቢተከልም መኪናው የሚያነበው የተጻፈለትን ነው። ስለዚህ «ሥልጠናው ይቅርና መሣሪያ ይገዛልን» የሚሉ ወገኖች ከነገሩ ግማሹን ብቻ ያዩ ይመስለናል። መሣሪያው ይግዛ፤ ይጠቅማል። ነገር ግን በሽተኛውን ስሙን የሚጠይቀው ሰው ነው።

የስም ነገር በእኛ አገር

የውጭ አገር መጻሕፍት የበሽተኛውን ማንነት በቤተሰብ ስምና በልደት ቀን አረጋግጡ ይላሉ። ይህን ቃል በቃል ወደ እኛ አምጥቶ ማስተማር አይበቃም። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራሳችንን ስም፣ የአባታችንንና የአያታችንን ስም እንጂ። አልማዝ የሚባሉ ሁለት ሴቶች፣ የሁለቱም አባት ከበደ ሆኖ፣ በአንድ የሴቶች ክፍል ጎን ለጎን ቢተኙ የሚደነቅ አይደለም። አንዱ ሰው በክርስትና ስሙ ቤተ ክርስቲያን፣ በሌላ ስሙ መሥሪያ ቤት፣ በቁልምጫ ስሙ ደግሞ በሰፈሩ ይታወቃል። ካርድ ያወጣችለት እኅቱ የቤት ስሙን ብትናገር፣ እርሱም ለነርሷ የመዝገብ ስሙን ቢነግራት፣ አንድ ሰው ሁለት ሆነ ማለት ነው። የልደት ቀኑን የማያውቅ አዛውንትም አለ። አንዱ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ እንደ ጸሐፊው ሁለትና ሦስት መልክ ይይዛል።

እንግዲህ ሥልጠናው ከዚሁ መጀመር አለበት። ደም ቀጂው የበሽተኛውን ስም ከነአባቱና ከነአያቱ፣ ከካርድ ቁጥሩም ጋር ማመሳከር አለበት። የሚጠይቅበትም መንገድ ትምህርት የሚያሻው ነው። «ወይዘሮ አልማዝ ነዎት?» ብሎ የጠየቀ ሰው መልሱን ራሱ ተናግሮታል። ትኩሳት ያደከማቸው፣ ጆሮአቸው የከበደ ወይም ሐኪምን መቃወም ነውር የሚመስላቸው እናት «አዎን ልጄ» ይሉታል። «እናቴ፣ ስምዎ ማን ይባላል? የአባትዎስ?» ያለ ግን ሊሰማው የሚገባውን ይሰማል። ራሱን ለሳተ ወይም ለሕፃን በሽተኛ አስታማሚው ይጠየቃል፤ በእጁ አንጓ የታሰረው መለያም ይነበባል።

ከዚያም የብልቃጡ መለያ እዚያው አልጋው አጠገብ ይጻፋል። አስቀድሞ በጠረጴዛ ላይ በተጻፈ ባዶ ብልቃጥ አይቀዳም፤ የአምስት ሰው ደም ቀድቶም በኋላ «ይህ የእገሌ ነበር» እያሉ መጻፍ አይፈቀድም። አንድ በሽተኛ ሳያልቅ ወደ ሁለተኛው መሄድ የለም። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ሌሊት በ9 ሰዓት፣ ሁለት ተረኞች ብቻ ባሉበት ክፍል፣ ሦስት ሰዎች በአንድ ጊዜ ሲጣሩ ግን ቀላል አይሆንም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እዚህ አይሠራም፤ የፈሰሰውን መልቀም የለምና።

በላቦራቶሪው ጠረጴዛ ላይ

አሁን ወደ ላቦራቶሪው እንግባ። የደም ዓይነት የሚታወቀው በሁለት ምስክር ነው። አንደኛ፣ የበሽተኛው ቀይ ሕዋስ ፀረ ኤ እና ፀረ ቢ ከተባሉት የመመርመሪያ ፈሳሾች ጋር ይደባለቃል። ሁለተኛ፣ የደሙ ውሃ ዓይነታቸው አስቀድሞ ከታወቀ ቀይ ሕዋሳት ጋር ይደባለቃል። ሁለቱ ምስክሮች አንድ ቃል ካልተናገሩ ፍርድ የለም፤ ምክንያቱ እስኪገኝ ድረስ ውጤቱ አይወጣም። ፀረ ኤው ሰማያዊ፣ ፀረ ቢው ቢጫ ቀለም የሚገባባቸው እንዳይለዋወጡ ነው። ቢሆንም ሠልጣኙ ቀለሙን ብቻ አምኖ ጽሕፈቱን ሳያነብ እንዳይቀዳ ይማራል።

ልምድ ያለው ዓይን የሚለያቸው ጥቃቅን ነገሮችም አሉ። በመስተዋት ቅጠል ላይ የቆየ ደም ዳር ዳሩ ሲደርቅ የተጓጎለ ይመስላል። ቀይ ሕዋሱ ፈርሶ ውሃውን ሲያቀላው «አልተጓጎለም፤ ደህና ነው» የሚል ጀማሪ ይገኛል፤ መፍረሱ ግን ራሱ ብርቱ አለመስማማት ነው። በኩምብስ ምርመራ ላይ ደግሞ ሕዋሱ በሚገባ ሳይታጠብ የቀረ እንደሆነ፣ የተረፈው የደም ውሃ መመርመሪያውን ያከሽፈዋል፤ ውጤቱም በሐሰት «ተስማሚ» ይሆናል። ለዚህም መላ ተበጅቶለታል። «ምንም የለም» በተባለው ቱቦ ሁሉ ላይ አስቀድሞ አንቲቦዲ የለበሰ ሕዋስ ይጨመራል፤ እርሱም ካልተጓጎለ ምርመራው ራሱ ስላልሠራ እንደገና ይጀመራል። ይህን እርምጃ ሥራ ሲበዛ የሚዘልል ሰው ጊዜ ያተረፈ ይመስለዋል።

የአቀማመጡም ነገር እንዲሁ ነው። ቀይ ደም ከ2 እስከ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ይቀመጣል፤ በረዶ ከሠራ ሕዋሱ ይፈርሳልና ለተሰጭው አደገኛ ይሆናል። ፕላትሌት የተባለው የደም ክፍል ግን ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ባለው ሙቀት ሳያቋርጥ እየተነቀነቀ ይቆያል፤ «ደም ነውና ይቀዝቅዝ» ብሎ ፍሪጅ የሚከተው ሰው ያበላሸዋል። ከማቀዝቀዣ የወጣ ቀይ ደም በ30 ደቂቃ ውስጥ ካልተጀመረ ይመለሳል እንጂ በመስኮት ላይ አይጠብቅም፤ የተጀመረም በ4 ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። የመጀመሪያዎቹን 15 ደቂቃዎች ነርሷ ከበሽተኛው አጠገብ ሆና ትከታተላለች፤ ብርቱው አደጋ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በነዚህ ደቂቃዎች ነውና።

ሥልጠና ወይስ ስብሰባ?

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላል ያገራችን ሰው። መማር የሚባለው ግን ምንድን ነው? በሆቴል አዳራሽ ሁለት ቀን ተቀምጦ፣ በግድግዳ ላይ የሚታየውን ጽሕፈት አንብቦ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ አበልና የምስክር ወረቀት ይዞ መመለስ ነውን? ዕውቀት ከዚያም አይገኝም ማለታችን አይደለም። ነገር ግን የደም ባንክ ስሕተት በአብዛኛው ያለማወቅ ሳይሆን የልማድ ስሕተት ነው፤ ልማድም በወንበር ላይ አይታረምም። የሚታረመው ሰውየው በሚሠራበት ጠረጴዛ፣ በሚሠራበት ሰዓት፣ አስተማሪው አጠገቡ ቆሞ እጁን እያየ ነው። ለሥልጠናው የሚላከውም አለቃው ብቻ ከሆነና ሌሊት ብቻውን የሚያድረው ተረኛ ከቀረ፣ ስሕተቱ ሌሊቱን ይጠብቃል።

መልካም ሥልጠና ፈተናውን ከሥራው ጋር ይቀላቅላል። ዓይነቱን አስተማሪው ብቻ የሚያውቀው ናሙና በሠልጣኙ ፊት ይቀመጣል። ከናሙናዎቹም መካከል አንዱ የአባት ስም የጎደለው ይሁን። ከዚያ ስልክ ይደወል፤ «ሴትየዋ ደም እየፈሰሳት ነው፤ ቶሎ በል!» ይባል። ሠልጣኙ በዚህ ጊዜ ምን ያደርጋል? ሐኪሙን ፈርቶ የጎደለውን ስም ራሱ ጨምሮ ቢጽፍ ወድቋል። ትክክለኛው መልስ «ይህን ናሙና አልቀበልም፤ ሌላ ቅዱልኝ» ማለት ነው። ይህም በሽተኛዋን መተው አይደለም። አዲሱ ናሙና እስኪመጣ ድረስ የኦ ዓይነት ቀይ ደም፣ ለሴት ልጅና ለመውለድ ዕድሜ ላለች ሴት ይልቁንም ኦ ኔጌቲቭ፣ ሊሰጣት ይችላል። አንድ ወጣት ቴክኒሺያን በዕድሜም በማዕርግም የሚበልጠውን ሐኪም «አይሆንም ጌታዬ» ብሎ በትሕትና ለመመለስ የሚደፍረው አስቀድሞ የተለማመደው እንደሆነ ነው። አለቃውም በማግሥቱ የሚያመሰግነው መሆን አለበት።

ስለ ሁለት ሰው ማረጋገጫም አንድ ቃል አለን። ደሙ ከመሰጠቱ በፊት ሁለት ሰው እንዲያይ ደንብ መውጣቱ መልካም ነው። ነገር ግን አንዱ እያነበበ ሌላው «እሺ፣ እሺ» የሚል ከሆነ ዓይኑ አንድ ብቻ ነው። እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው አይተው፣ ለየብቻቸው አንብበው ይፈርሙ። ለጓደኛ መፈረም ውለታ የሚሆንበት ቦታ ይኖር ይሆናል፤ ይህ ግን ያ ቦታ አይደለም።

ስሕተትን የሚደብቅ ፍርሃት

የመጨረሻው ነገር ከሁሉ የሚከብደው ነው። አንዲት ቴክኒሺያን ሁለት ብልቃጥ አለዋውጣ ደሙ ከመውጣቱ በፊት ብትነቃበት ምን ታደርጋለች? ብትናገር ደመወዟ የሚቀጣ ወይም በባልደረቦቿ ፊት የምትዋረድ ከሆነ፣ ዝም ብላ ታስተካክለዋለች። ያ ለጥቂት የተረፈ ስሕተት ግን ለሌሎቹ ትምህርት ሊሆን ይችል ነበር፤ ምናልባትም ሁለቱ ብልቃጦች በአንድ መደርደሪያ ላይ መቀመጣቸው፣ ወይም መብራቱ መድከሙ፣ ወይም ሥራዋን በየደቂቃው የሚያቋርጣት ስልክ ነበር ምክንያቱ። ምክንያቱ እስካለ ድረስ ነገ ሌላዋ ትሳሳታለች።

እንግሊዞች ይህን አስተውለው በ1996 የደም መስጠት አደጋዎችንና ስሕተቶችን በምስጢር የሚቀበል አገር አቀፍ መዝገብ አቋቋሙ። በየዓመቱ በሚያወጣውም ሪፖርት ከሚደርሱት ጉዳዮች አብዛኞቹ የሰው ስሕተት ያለባቸው መሆናቸውን ይገልጣል። ሪፖርቱ የሚፈልገው «ማን?» የሚለውን ሳይሆን «እንዴት?» የሚለውን ነው።

«እንግዲያው ግዴለሽ ሁሉ ይታለፍ ወይ?» የሚሉን አንባቢ ይኖራሉ። አይደለም። አውቆ የሐሰት ፊርማ የፈረመና ያልሠራውን ምርመራ ሠራሁ ብሎ የጻፈ ሰው መጠየቅ ይገባዋል። ነገር ግን ደክሞት የተሳሳተውንና ስሕተቱን በራሱ አፍ የተናገረውን ሰው ከዚህኛው ጋር በአንድ ሚዛን የሚያስቀምጥ አለቃ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤቱ ስሕተት የለም የሚል ሪፖርት ብቻ ይደርሰዋል። ስሕተት የማይታይበት ደም ባንክና ስሕተት የሌለበት ደም ባንክ ግን አንድ አይደሉም።

አንባቢያችንስ በዚህ ሁሉ ምን ድርሻ አላቸው? አላቸው እንጂ። ሆስፒታል በገቡ ጊዜ ካርድ ሲያወጡ ያንኑ የመዝገብ ስም፣ ከነአባትና ከነአያት፣ ሁልጊዜ አንድ አድርገው ይናገሩ። ዘመድ የሚያስታምሙ እንደሆነ የቤት ስሙን ሳይሆን የካርድ ስሙን ይያዙ። ነርሷ ጧት የጠየቀችዎን ስም ቀትር ላይ መልሳ ብትጠይቅዎ «ስንት ጊዜ ልንገርሽ?» ብለው አይቆጧት። ደሙ እየተሰጠዎ ብርድ ብርድ ቢልዎ ወይም ወገብዎን ቢይዝዎ፣ ሰው አስቸገርሁ ሳይሉ ወዲያውኑ ይጥሩ። አስቀድማ ሳትጠይቅዎ ደም የያዘ ከረጢት ልትሰቅል ብትመጣ ደግሞ፣ «ልጄ፣ ስሜን አልጠየቅሽኝም» ማለት መብትዎ ነው።